ወለሉ ሞልቷል፤ ቢሮውስ?

በአዲስ አበባ ቢሮ ተከራዩም አከራዩም ያማርራሉ። ተከራዩ «ዋጋው አይቀመስም» ይላል። ባለሕንፃው «ለቢሮ የሚከራይ» የሚለውን ጨርቅ ሰቅሎ ወራት ይቆጥራል። ዕቃ ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል የሚለው የገበያ ሕግ እዚህ ዘንድ ቶሎ የማይሠራው በምክንያት ነው።

አንደኛው ምክንያት ባንኮች ናቸው። የግል ባንኮች ለረጅም ዓመታት ከከተማዋ ሁነኛ ተከራዮች መካከል ነበሩ። ዛሬ ሕብረት፣ ንብና ዘመን ባንኮች በሰንጋ ተራና በአካባቢው የየራሳቸውን ዋና መሥሪያ ቤት አቁመዋል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ሕንፃውን በየካቲት 2014 ዓ.ም. አስመርቋል። ባንክ ወደ ራሱ ቤት ሲገባ ገበያው ሁለት ጊዜ ይመታል። ተከራይቶት የነበረው ወለል ባዶ ይቀራል፤ ከራሱ የተረፈውን ሲያከራይ ደግሞ የትናንቱ ደንበኛ የዛሬ ተፎካካሪ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ ሕንፃ የሚሠራው ለኪራይ ብቻ አለመሆኑ ነው። ኑሮ በተወደደ ቁጥር ብርን ወደ ብረትና ሲሚንቶ መለወጥ ቁጠባ ሆኗል። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረትም ቦታ የያዘ ሰው በተወሰነለት ጊዜ ገንብቶ መጨረስ ስላለበት፣ ተከራይ ኖረም አልኖረ ፎቁ ይወጣል። ባለቤቱም ለአንዱ ዋጋ ቢቀንስ ነባሮቹ ተከራዮች ሁሉ ቅናሽ ይጠይቁኛል ብሎ ስለሚሰጋ ወለሉን ባዶ ማቆየት ይመርጣል።

ሦስተኛው የጥራት ጉዳይ ነው። ታችኛው ሱቅ፣ ላይኛው በጠባብ ክፍል የተሸነሸነ፣ ሊፍቱ የሚቆም፣ ውኃው የሚጠፋ፣ መኪና ማቆሚያ የሌለው ሕንፃ በካሬ ሜትር ቢለካም ቢሮ አይባልም። በቦሌና በኦልድ ኤርፖርት ቪላ ተከራይቶ የሚሠራው ድርጅት ብዙ የሆነው ስለዚህ ነው።

ጉዳዩ የባለፎቆች ብቻ አይደለም። ከደቡብ ወሎ ደጋ ወርዶ መካነ ሰላም ገበያ በግና ገብስ የሸጠ ገበሬ ብሩን በባንክ ቅርንጫፍ ሲያስቀምጥ፣ የሚበደርበትን የሚወስነው አዲስ አበባ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ባዶ ወለል ላይ የተኛ ብድር ለዚያው አገር እህል ነጋዴ ያልደረሰ ብድር ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ ይህ ምርጫ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ታይቷል።

አሁን ተስፋው ለውጭ ባንኮች በር በከፈተው አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ላይ ተጥሏል። ሆኖም የውጭ ባንክ ቢመጣ የሚሻው ጥሩ ወለል እንጂ ማንኛውንም ወለል አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሊፍት፣ መስተዋትና ጄኔሬተር በመወደዳቸው ባለሕንፃዎች ኪራይ መጨመር ተገቢ ነው ይላሉ። ነገር ግን ኪራይን የሚከፍለው የተከራዩ ገቢ እንጂ የባለቤቱ ወጪ አይደለም።

ስለዚህ ባለሀብቱ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ተከራዩን ቢያፈላልግ፣ ደላላውም ኮሚሽኑን ከሚጠራው ዋጋ ይልቅ ከሚዘጋው ውል ቢያሰላ ይበጃል። ነጋዴውም የተጠራውን ዋጋ እንደ መጨረሻ አይውሰድ። ወራት ባዶ የከረመ ወለል ባለቤቱ አፍ አውጥቶ ባይናገርም ለድርድር የቀረበ ነው።