ከራስጌ የተቀመጠው ባለሞያ

አንድ በሽተኛ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገባ፣ በደጅ የሚጠብቀው ቤተ ሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ቀዶ ሐኪሙ ነው። «ማን ነው? እጁስ የተመሰገነ ነውን?» ይላል። ከራስጌ ተቀምጦ የበሽተኛውን ትንፋሽና የልብ ትርታ የሚጠብቀውን ባለሞያ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። በጅቡቲ ከተማም ሆነ በአገራችን፣ ይህን አደራ ከሚሸከሙት መካከል ሐኪም ሳይሆኑ በማደንዘዣ ሞያ የሠለጠኑ ነርሶችና ባለሞያዎች ይገኙባቸዋል። ስለዚህ የእነዚህ ሰዎች ችሎታ በምን ሊመዘን እንደሚገባ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልንገልጽ ወደድን።

የማደንዘዣ ነርስ ሥራ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው የእጅ ሥራ ነው፤ ይኸውም መርፌን ከደም ሥር ማግባት፣ መድኃኒትን በልኩ መስጠት፣ የመተንፈሻን ቱቦ በጉሮሮ ማስገባት ነው። ይህ በትምህርት ቤት ፈተና ይታወቃል። ሁለተኛው ወገን ግን አስቀድሞ መሰናዳት፣ አደጋ ሲቃረብ ማስተዋል፣ በጊዜው መወሰንና ያዩትን ደፍሮ መናገር ነው። ይህ ሁለተኛው ወገን ለብዙ ዘመን የተፈጥሮ ጠባይ ነው እየተባለ፣ ማንም ሳያስተምረውና ሳይመዝነው ቆይቷል።

ይህን አሳብ በብርቱ ካናወጡት ነገሮች አንዱ ከሕክምና ውጭ የደረሰ አደጋ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 27 ቀን 1977፣ ጅቡቲ ነፃነቷን ከማግኘቷ ልክ ሦስት ወር አስቀድሞ፣ በስፔን ግዛት በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ታላላቅ አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ከሁለቱ ባንደኛው ውስጥ የነበረው የበረራ መሐንዲስ፣ ሌላው አውሮፕላን ከመንገዱ አለመውጣቱን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር፤ አዛዡ ግን ጥርጣሬውን ሳይቀበል ጕዞውን ቀጠለ። ከዚህ በኋላ የአየር መንገዶች ሠራተኞቻቸው እርስ በርሳቸው እንዴት መነጋገርና መደማመጥ እንዳለባቸው ማስተማር ጀመሩ።

ሐኪሞችም ይህንኑ ፈለግ ተከተሉ። በስኮትላንድ አገር የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከማደንዘዣ ሐኪሞች ጋር ሆነው ያዘጋጁት መመዘኛ በ2003 ታተመ። መመዘኛው አራት ክፍል አለው፤ እነርሱም ሥራን ማደራጀት፣ በኅብረት መሥራት፣ ሁኔታን ማስተዋልና መወሰን ናቸው። በእነዚህም ሥር 15 ነጥቦች ተዘርዝረዋል። በ2014 ደግሞ የዴንማርክ ሊቃውንት ለማደንዘዣ ነርሶች እንዲስማማ አድርገው አቀረቡት።

የዚህ መመዘኛ ትልቁ ቁም ነገር የሚመዝነው የሰውን ጠባይ ሳይሆን፣ በዓይን የታየውንና በጆሮ የተሰማውን ሥራ መሆኑ ነው። መዛኙ «ጐበዝ ናት» ብሎ አይጽፍም። «የበሽተኛዋ ኦክሲጅን ሲቀንስ ለቀዶ ሐኪሙ በግልጽ ነገረችው፤ መስማቱንም አረጋገጠች» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ከ1 እስከ 4 ቍጥር ይሰጣል፤ ያላየውንም ነገር «አልታየም» ብሎ ያልፈዋል።

ይህ ጉዳይ በጅቡቲ ከተማ የበለጠ ክብደት አለው። ፈረንሳይኛና ዐረብኛ የመንግሥት ቋንቋዎች ናቸው፤ ሕዝቡ በቤቱ ሶማልኛና አፋርኛ ይናገራል፤ ከአገራችን የሄዱትም አማርኛና ኦሮምኛ ይዘው ይኖራሉ። እንግዲህ በዳር ኤል ሐናን የወሊድ ሆስፒታል ወይም በፔልቲዬ ሆስፒታል አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት በቀዶ ሕክምና ልትወልድ ተኝታለች እንበል። ነርሷ በአንድ ቋንቋ ትጠይቃለች፤ እናቲቱ በሌላ ትመልሳለች፤ መዝገቡ ደግሞ በሦስተኛ ይጻፋል። ከመካከላቸው አንድ ቃል ቢጠፋ፣ በአደጋ ላይ የሚወድቀው የሁለት ነፍስ ሕይወት ነው።

አማርኛ የሚማሩ አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ ሦስት ቃላትን ያስተውሉ፤ መናገር፣ መነጋገርና መግባባት። ለመናገር አንድ ሰው ይበቃል፤ ለመነጋገር ሁለት ያስፈልጋሉ፤ ለመግባባት ግን የአንደኛው አሳብ በሌላው ልብ ውስጥ መግባት አለበት። ጥሩ መዛኝ የሚፈልገው ሦስተኛውን ነው።

ባገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በአደባባይ መልካም ምክር ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ የነቀዘውም ለበሽተኛው ይተርፋል። ታላቅን ማክበር የተገባ ቢሆንም፣ «ጌታዬ፣ ትንፋሿ እየደከመ ነውና ጥቂት ይቈዩ» ማለት አክብሮትን አያጐድልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝርም ሠራተኞቹ ከሥራው በፊት ስማቸውንና ተግባራቸውን እንዲነጋገሩ ያዛል። በ2009 በታተመ ጥናት፣ ዝርዝሩ በተሞከረባቸው ስምንት ከተሞች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት በሽተኞች ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ዝቅ ብለው ተገኝተዋል።

ነገር ግን ምዘናው ለቅጣት መዋል የለበትም። ደመወዝ መቍረጫ ከሆነ ነርሱ ጕድለቱን መደበቅ ይማራል፤ ከሥራ በኋላ በጸጥታ ተቀምጠው የሚወያዩበት ከሆነ ግን ያርመዋል። መዛኞቹም አስቀድመው መሠልጠን አለባቸው፤ ያለዚያ አንዱን ሥራ አንዱ 4፣ ሌላው 2 ይሰጠዋል። ደግሞም ተናጋሪው ሲመዘን ሰሚው ሊቀር አይገባውምና፣ ቀዶ ሐኪሙም አብሮ ይመዘን።

ቤተ ሰብም የበኩሉ ድርሻ አለው። በሽተኛው መቼ እንደ በላና እንደ ጠጣ፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የማይስማማውን ነገር፣ ከዚህ ቀደም ደንዝዞ እንደ ሆነ ሳይደብቅ ይንገር። ጫት የልብን ምትና የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋልና፣ የቃመ ሰው ሳያፍር ይግለጽ። ቋንቋው የማይገባው እንደ ሆነም አስተርጓሚ ይጠይቅ እንጂ እንደ ገባው ሰው ራሱን አይነቅንቅ። ከራስጌው የሚቀመጠው ባለሞያ ሊጠብቀው የሚችለው ያወቀውን ያህል ነውና።