ለአዲስ ቤት ከሰዓት ይልቅ ፒንሳ

ሰሚት፣ አያት ወይም ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የገባ ቤተሰብ ምን ስጦታ እንደሚመጣለት አስቀድሞ ያውቃል፦ ብርጭቆ፣ ብርድ ልብስ፣ የቡና ስኒ፣ የግድግዳ ሰዓት። ሰዓቱ ታዲያ ግድግዳ ላይ ለመውጣት ወራት ይፈጅበታል። ሚስማሩ የኮንክሪት ኮለን ላይ ካረፈ ይጎብጣል፤ የብሎኬቱ ባዶ ሆድ ላይ ካረፈ ደግሞ ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ግድግዳው በትራፓኖ ተበስቶ ፊሸር ሊገባበት ይገባል። ትራፓኖ ያለው ጎረቤት እስኪገኝ ድረስ ሰዓቱ ቡፌ ላይ ተደግፎ ይቆያል።

ለአዲስ ቤት የሚበጀው ስጦታ የጥገና ዕቃ የያዘ ሳጥን ነው።

ብዙ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ለባለዕድሉ የሚተላለፉት ፊኒሺንጋቸው ሳያልቅ ነው። ባለቤቱ ለሴራሚክ፣ ለበርና ለቀለም ኪሱን አራግፎ ነው የሚገባው። በሳምንቱ ቧንቧ ይንጠባጠባል፣ የቁም ሳጥን ማጠፊያ ይላላል፣ የሶኬት ክዳን ይወልቃል። ለእንዲህ ያለች ሥራ ከመገናኛ አራብሳ ድረስ የሚመጣ ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ቢመጣም የትራንስፖርቱ ሒሳብ ከሥራው ይበልጣል። ሳጥኑ የባለሙያን እንጀራ ይዘጋል የሚል ካለ፣ ባለሙያው ራሱ የማይፈልገውን ሥራ ነው የሚያነሳለት።

ሳጥኑ ግን ተሞልቶ የተሸጠ ባይሆን ይመረጣል። መቶ ዓይነት ቁራጭ የተደረደረበት የሚያብረቀርቅ ሻንጣ ለዓይን ያምራል፤ የካቻቢቴው ጫፍ ግን አንድ ጠንካራ ብሎን ሲያጋጥመው ይዞራል። ከሰፈሩ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ወይም ከመርካቶ አንድ በአንድ እየመረጡ መግዛት ይሻላል፦ መዶሻ፣ ጠፍጣፋና ባለመስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፓፓጋሎ፣ ሜትር፣ ቴስተር፣ ናስትሮ፣ ቴፍሎን፣ ጥቂት ጎሚኒና ፊሸር ከነብሎኑ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ የእጅ ባትሪም አይረሳም። ትራፓኖ ዋጋው ከበድ ስለሚል ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ቢገዛው ያምርበታል።

ከሁሉ ቀድሞ ዋጋውን የሚመልሰው ቴፍሎኑ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው አየርና ውሃ እየተፈራረቁበት ስለሚውል መጋጠሚያው በቶሎ ይላላል። መዝጊያውን ዘግቶ፣ ቧንቧውን በፓፓጋሎ ፈትቶ፣ ያረጀውን ጎሚኒ መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቴፍሎኑ የሚጠቀለለው ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው፤ በተቃራኒው ከተጠቀለለ ሲጠብቅ እየተፈታ ይወጣና ውሃው ይቀጥላል። በጋራ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ የአንዱ ጠብታ የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ላይ ካርታ ይስላል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የጥገና ብቻ ሳይሆን የእርቅም ይሆናል።

በኤሌክትሪክ ላይ ግን ድፍረት አያስፈልግም። የቤቱ መስመር 220 ቮልት ነው፤ ሰው ይገድላል። ቴስተሩ ራሱ መሥራቱ በመጀመሪያ መብራት እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ላይ ይሞከራል፣ ከዚያ ብሬከሩ ይወርዳል፣ የሚነካው መስመርም እንደገና ይፈተሻል። የሶኬት ክዳን ከመቀየር ያለፈው ለኤሌክትሪሺያን ይተዋል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ትራፓኖም እዚህ ላይ ያሳስባል፦ በ120 ቮልት የተሠራ መሣሪያ ትራንስፎርመር ሳይኖረው እዚህ ሶኬት ላይ ቢሰካ ጭስ ነው የሚተርፈው። በገመድ የማይሠራውም ቢሆን ቻርጀሩ ምን ያህል ቮልት እንደሚቀበል መነበብ አለበት።

ሌላው መታረም ያለበት ልማድ ሳጥኑ «የወንድ ዕቃ» መባሉ ነው። ለሙሽራዋ ድስት፣ ለሙሽራው መዶሻ የሚለው ክፍፍል፣ ባልየው ሥራ በዋለበት ሰዓት ቧንቧ ሲፈነዳ ማንንም አይጠቅምም። ብቻዋን ኮንዶሚኒየም ተከራይታ የምትኖር ሠራተኛም ከስኒ ስብስብ በፊት ፒንሳ ብታገኝ ትመርጣለች።

የሳጥኑ ሥልጣን ግን ከቤቱ በር አያልፍም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ቤትን ከጋራ መጠቀሚያ ይለያል። ደረጃው፣ ጣሪያውና ብዙ ቤቶችን የሚያገለግለው መስመር የሁሉም ስለሆነ የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ጉዳይ ነው። ስለዚህ ስጦታ ሰጪው በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ አንዲት ወረቀት ቢለጥፍ ጥሩ ነው፦ የውሃ መዝጊያው የት እንዳለ፣ የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚያጠፋ፣ የማኅበሩ ሰብሳቢና አንድ የታመነ ኤሌክትሪሺያን ስልክ።