ውሻችሁ ከቀበሮ ጋር ሲጋጠም ቆማችሁ ቪዲዮ አትቅረጹ

ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል። ውሻ ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

በቀደም ሰኞ ጠዋት ከባንዲራ ሥነ ሥርዓት በኋላ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ «ቲቸር፣ አንዴ ይቺን ይዩልኝ» ብሎ ስልኩን አቀበለኝ። (ስልክ ይዞ ግቢ መግባት ክልክል መሆኑን ለዛሬ እንተወው።) ቪዲዮው አንድ ደቂቃ አይሞላም። እሁድ ዕለት አራት ልጆች ሦስት ውሾች አስከትለው፣ ከሙዝ ማሳው ወዲያ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወስደው ቁጥቋጦ ጥንቸል ሊያሳድዱ ወጥተዋል። ጥንቸሏ እሾህ ውስጥ ገብታ አመለጠች። ውሾቹ እዚያው እያነፈነፉ ሳለ ከግራሩ ሥር ጀርባው ጥቁር የሆነ ቀበሮ ወጣ።

የሚገርመው አልሮጠም። ትንሽ ራመድ ይልና ይቆማል፤ ዞር ብሎ ያያል፤ እንደገና ራመድ ይላል። ልጆቹ «ያዘው! ያዘው!» ይላሉ። ቡቺ የሚባለው ትልቁ ውሻ ተከተለው። ይሄኔ ሁለተኛ ቀበሮ ከኋላ ደርሶ ታፋውን ነክሶት እልም አለ። ከዚያ የምትሰሙት ሳቅ ብቻ ነው። በመጨረሻ ተማሪዬ ውሻውን አቅፎ ደሙን በባዶ እጁ ሲጠርግ ይታያል።

እሱ ያሳየኝ ጀብዱ ብሎ ነው። እኔ ያየሁት እጁን ነው።

«እስቲ እጅህን አሳየኝ» አልኩት። መዳፉና ጣቶቹ በእሾህ ተቧጭረዋል። ጥንቸሏን ለማውጣት ቅርንጫፍ ሲገፋ ነው። «ውሻው ተከትቧል?» አልኩት። «የምን ክትባት፣ ቲቸር?» አለኝ።

አንድ ነገር ላስቀድም። እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅኩ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ዲግሪውን ገና በክረምት እየገፋሁት ነው። ግን ይሄን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በታመመ እንስሳ ምራቅ ነው። ቫይረሱ በንክሻ ይገባል፤ ምራቁ የተላጠ ወይም የተቧጨረ ቆዳ ከነካም ሊገባ ይችላል። ከዚያ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ብዙ ጊዜ ምልክት እስኪታይ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴ ደግሞ ዓመት ቆይቶ ይመጣል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን በቃ፣ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል። አብዛኛው የሚሞተው በአፍሪካና በእስያ ነው። በታመመ እንስሳ ከሚነከሱት ውስጥ ደግሞ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ለእኔ ይሄ ቁጥር የክፍል መጥሪያዬ ነው።

አሁን ወደ ቀበሮው። እሁድ ልጆቹ ያገኙት ቀበሮ እብድ ነበር እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳየው ጤነኛ ነው የመሰለኝ። ጀርባ ጥቁር ቀበሮ ወንድና ሴት ተጣምረው የሚኖሩ፣ ግልገላቸውን አብረው የሚያሳድጉ እንስሶች ናቸው። ያለፈው ዓመት ልጆች ሳይቀሩ ቀርተው ታናናሾቻቸውን የሚያበሉበት ጊዜ አለ። ግልገል ያለበት ጉድጓድ አጠገብ ውሻ ሲመጣ አንዱ ራሱን እያሳየ ይስባል፣ ሌላው ከኋላ ይመጣል። እኛ «የቀበሮ ባሕታዊ» እያልን ስንሰድበው የኖርነው እንስሳ ያን ዕለት የሠራው የአባወራ ሥራ ነው። አሜሪካ ዴንቨር ያለ የአጎቴ ልጅ ቪዲዮውን ስነግረው ሳቀ። እዚያም ኮዮቴ የሚባል የቀበሮ ዘመድ ውሻ ይዘው የሚወጡ ሰዎችን ልክ እንዲሁ ከጉድጓዱ እስኪርቁ ድረስ እየተከተለ «ይሸኛቸዋል» አለኝ። ልዩነቱ እዚያ ውሻን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስከተብ ግዴታ ነው። እኛ ጋ ቡቺ ስም እንጂ ክትባት የለውም።

በነገራችን ላይ፣ ሁሉንም ቀበሮ ማለታችን ራሱ ያሳስተናል። ተማሪዎቼ ቀበሮ ስላቸው ቶሎ ወደ አእምሯቸው የሚመጣው በመጽሐፋቸው ያለው ቀይ ቀበሮ ነው። እሱ ሌላ ነው። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ ለአቅመ መውለድ የደረሱት ከ500 የማይበልጡ፣ ባሌና ሰሜንን በመሰሉ ከፍታዎች ላይ ፍልፈልና አይጥ እያደነ የሚኖር እንስሳ ነው። የእኛ ቆላ ጀርባ ጥቁሩ ከእሱ ጋር አንድ አይደለም። ግን ከቀይ ቀበሮው ታሪክ የምንማረው አለ፤ ለዚህ ነው ወደ ባሌ የምወስዳችሁ።

ባሌ ላይ የሆነው እንዲህ ነው። የከብት ጠባቂዎች ውሾቻቸውን ይዘው ወደ ላይኛው ግጦሽ ይወጣሉ። ውሾቹ አይታሰሩም፣ አይከተቡም። ከቀይ ቀበሮ ጋር ይገናኛሉ፤ ወይ ይጣላሉ፣ ወይ አንድ በድን ላይ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1992 ባለው ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ቀይ ቀበሮዎቹን ጨረሳቸው። በ2003 እንደገና መጣ። ያኔ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ውስጥ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት አለቁ። በ2008 ተመልሶ መጣ፣ በ2014ም እንዲሁ። ምንጩ ውሻ ነው። ባለሙያዎቹ በመጨረሻ የዘየዱት ምን መሰላችሁ? በአካባቢው ያሉ ውሾችን በሺዎች መከተብ፣ ለቀይ ቀበሮው ደግሞ ክትባቱን የፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቆ ማታ ማታ ማብላት! የአፍ ክትባቱ ዘመቻ በ2018 ነው የተጀመረው። አስቡት፤ ሰው ውሻውን ባለመከተቡ ሌላ ሰው ጨለማ ውስጥ በብርድ ለአውሬ ሥጋ ሲያድል ያድራል።

እና እኛ ጋ ቀበሮ ውሻን ነከሰ ብለን ስንጮህ ነገሩን ገልብጠነዋል። በሽታው የሚኖረው በአብዛኛው ውሻ ውስጥ ነው። ሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ የሚደረግ አንድ ፍልሚያ ግን በሁለቱም በኩል በር ይከፍታል፤ ከውሻው ወደ ቀበሮው፣ ከቀበሮው ወደ ውሻው፣ ከዚያ ወደ ቤት። ቡቺ ማታ የሚተኛው የተማሪዬ ታናሽ እህት አጠገብ ነው። ይሄን የነገረኝ ራሱ ነው።

ወደ እጁ ልመለስ። ዕለቱኑ ቧንቧ ጋ ወስጄው በሳሙና አሳጠብኩት። የሚመከረው ወዲያውኑ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ነው። አንድ ቀን አልፎ ነበር፤ ቢሆንም አጠብን። ከዚያ ቤታቸው ሄድኩ። እናቱ ቡና አቀረበችልኝና «ውሻው እኮ ደህና ነው ቲቸር፣ ይኸው ይበላል» አለችኝ። አልፈርድባትም። ውሻው ይበላል፣ ልጁ ይስቃል፣ ማንም አልታመመ፤ አስተማሪ መጥቶ «ልጅሽን ሐኪም ቤት ውሰጂው» ሲል ግራ ይገባል። አባትየው ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበረው። ልጅ ሳለ ወንድሙ በውሻ ተነክሶ በየቀኑ ሆዱ ላይ ሲወጋ አይቷል። የድሮው፣ ከእንስሳ አንጎል ይሠራ የነበረው ክትባት እንደዚያ ነበር። አሁን ክንድ ላይ ነው፣ ጥቂት መርፌ ነው፣ በቀጠሮ ነው ብዬ አስረዳሁት። አሳመንኩት ብዬ አልመካም፤ ሊያሳፍረኝ ስላልፈለገ ተነሳ።

የመጀመሪያው የሄድንበት ጤና ተቋም «ክትባቱ የለም» ብሎ መለሰን። ሁለተኛውም የለውም። ሦስተኛው ጋ አገኘን። ባጃጅ፣ ካርድ፣ መድኃኒት፣ የቀረ የሥራ ቀን ሲደመር ለዚያ ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ባለሙያዋ ቧጨራውን አየች፣ ቪዲዮውንም አየች፣ «ይጀምር» አለች። አሁን ሁለተኛውን ወስዷል፤ ቀጣዩ ቀጠሮ ሐሙስ ነው። እያንዳንዱን ቀጠሮ ጥቁር ሰሌዳ ጥግ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ተማሪው ቢረሳ ክፍሉ እንዲያስታውሰው።

ይሄን ሳወራ የመምህራን ክበብ ውስጥ ሁለት መልስ ገጠመኝ።

አንደኛው «ቀበሮዎቹን ማጥፋት ነው፤ ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ መጣል» የሚል ነው። ይሄን ያለው ወዳጄ ነው፣ እዚህም ያነበኛል፣ ስለዚህ በግልጽ ልንገረው። መርዙ አድራሻ አያነብም። ጅቡም ይበላዋል፣ ጥንብ አንሣውም ይበላዋል፣ የጎረቤት ውሻም ይበላዋል። ቀበሮው ሌሊቱን ሙሉ ማሳችን ውስጥ አይጥ ሲለቅም እንደሚያድር ማንም አይቆጥርለትም። ባዶ የቀረውን ቦታም ሌላ ቀበሮ መጥቶ ይይዘዋል። ውሾችን በጅምላ መግደልም እንዲሁ ነው፤ በሽታውን እንደማያቆመው ተሞክሮ ታይቷል። የሚያቆመው በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶውን መከተብ ነው።

ሁለተኛው መልስ ይከብዳል። «አንተ የከተማ ሰው ነህ፤ ገበሬ ያለ ውሻ እንዴት ይኖራል?» አሉኝ። እውነት ነው። ደጋ ላይ፣ ጨንቻና ቦንኬ አካባቢ፣ እንሰት ያላት እናት ጃርት አንድ ሌሊት ምን እንደሚያደርጋት ታውቃለች። ቆላ ደግሞ በቆሎውን ዝንጀሮና ከርከሮ ይጨርሰዋል። ውሻ እዚያ ጠባቂ ነው፣ የቤተሰብ አባል ነው። እኔ ይሄን ውሻ አልነካም። የኔ ጥል እሁድ እሁድ ማሳውን ትቶ ጫካ ከሚወጣው ውሻ ጋር ነው። እሱም አይደለም እንዲያውም፣ ከሚያወጣው ሰው ጋር ነው። ማሳ ላይ ያለ ውሻ ጮኾ ያባርራል፣ አውሬውም ይሄዳል። ጫካ የገባ ውሻ ግን የአውሬው ቤት ድረስ ሄዶ ነው የሚጣላው።

ደግሞ የምንወጣበት ቦታ የማን እንደሆነ እንርሳው እንዴ? ነጭ ሳር ፓርክ ከከተማችን ጫፍ ነው የሚጀምረው። አርባዎቹ ምንጮች ራሳቸው እዚያው ናቸው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲቋቋም ዋናው ምክንያት ቆርኬን ለመጠበቅ ነበር። ዛሬ ተማሪዎቼን ለጉብኝት ይዤ ስሄድ የሜዳ አህያ አሳያቸዋለሁ፤ ቆርኬ ግን አሳይቼ አላውቅም። ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል ነው። ጥንቸልና እንሹ በውሻ ማሳደድም አደን ነው። «ለጨዋታ ነው» የሚለው መልስ ለእንሹዋ ልዩነት የለውም።

ምን ይደረግ ታዲያ? ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻውን አይሠራም፤ አይተነዋል። ጋሞ ላይ ነገር የሚጸናው ዱቡሻ ላይ ሲነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ አባቶቻችን እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጣ ወጣት የመለሱባት ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው። እነሱ «ያልተከተበ ውሻ ከግቢ አይውጣ» ቢሉ ከማንኛውም ደብዳቤ በላይ ይሰማል። የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ደግሞ ውሻው ወደ እነሱ እስኪመጣ ባይጠብቁ፤ የገበያ ቀን ይምጡ፣ ቅዳሜ ትምህርት ቤት ግቢ ይምጡ። ልጆቹ ውሾቻቸውን በገመድ ይዘው ይመጣሉ፣ እኔ ዋስ ነኝ። ክትባቱ ለሰው የሚገኝበትን ጤና ተቋም ስምም እያንዳንዱ ቀበሌ በር ላይ ይጻፍልን፤ በተነከሰ ልጅ ሦስት ቦታ መዞር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

እስከዚያ ግን፣ ውሻችሁ ከቀበሮም ሆነ ከሌላ አውሬ ጋር ከተጣላ ቁስሉን በባዶ እጅ አትንኩ። ጓንት ከሌለ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ። ውሻውን እሰሩትና ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። በቀን ብርሃን ሰው ሳይፈራ ግቢ የሚገባ ቀበሮ ካያችሁ ልጆቹን ወደ ቤት አስገቡ፣ ለቀበሌ ደውሉ፣ ቀርባችሁ ፎቶ አታንሱ። ሰው ከተነከሰ መጀመሪያ ሳሙናና ውሃ፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ተቋም። ጸበልም ጸሎትም የምትሉ፣ እኔም አማኝ ነኝ፤ ከመርፌው በኋላ አብረን እንሄዳለን።

ቡቺ አሁን ታስሯል። ቁስሉ እየደረቀ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ አይቶታል፣ ክትባት ሰጥቶታል፣ ለወራት ከሰውና ከሌላ ውሻ ተለይቶ እንዲቆይ አዟል። የተማሪዬ ታናሽ እህት ከሩቅ ሆና ምግቡን በእንጨት ትገፋለታለች። ሌሎቹ ሁለት ውሾች ገና ናቸው። ባለቤቶቻቸውን አነጋግሬአለሁ፤ አንዱ እሺ ብሏል፣ ሌላው «እስቲ እናያለን» ብሎኛል። ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ።