ያለ ውል የሚገዛ ስልክ ለምን ቅናሽ የለውም?

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ስልክ ለመግዛት ሱቅ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ክርክሩን ያውቀዋል። ገዢው «የመጨረሻውን ንገረኝ» ይላል፤ ባለሱቁ ሁለት ወይም ሦስት መቶ ብር ይቀንስና እዚያው ይቆማል። «ውጭ አገር እኮ በነፃ ነው የሚሰጡት!» የሚለው ምሬት ይከተላል። ውጭ ዘመድ ካላቸው ወንድም እህቶቻችን ደጋግመን የምንሰማው ነገር ነው፤ እውነትነቱ ግን ግማሽ ነው።

በፈረንጆቹ 2008 አሜሪካ ውስጥ አይፎን 3ጂ በ199 ዶላር ሲሸጥ ገዢው ከቴሌኮም ኩባንያው ጋር የሁለት ዓመት ውል ይፈርም ነበር። ውል አልፈልግም ላለ ሰው ያው ስልክ 599 ዶላር ነበር። 400 ዶላሩን ማንም አልማረውም፤ ኩባንያው ቀድሞ ሸፍኖለት በየወሩ ከሚከፍለው ሒሳብ ላይ መልሶ ይሰበስበዋል። ስለዚህ ቅናሽ የምንለው ነገር በትክክለኛ ስሙ ዱቤ ነው።

እኛ ዘንድ ሲም ካርዱም ስልኩም ለየብቻ ይገዛሉ። አብዛኛው ሰው ሒሳብ ሞልቶ ይደውላል እንጂ የወር ውል የለበትም። በዚያ ላይ ስልኮቻችን ሁለት ሲም ይይዛሉ፤ ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን እሱንም የሚያስገባው ብዙ ነው። ታዲያ የትኛው ኩባንያ ነው ነገ በሌላው መስመር ለሚደውል ደንበኛ ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ብር የሚሸፍነው?

የቀረው ባለሱቁ ነው። ከመርካቶ በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ፣ ጭኖ አምጥቶ ይሸጣል። ብዙ ቢጨምር ደንበኛው ታክሲ ይዞ መርካቶ ይወርዳል፤ ብዙ ቢቀንስ ከኪሱ ነው። ከዚህ የሚከፋው ግን የብሩ ነገር ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ከባንክ ዶላር ያላገኘ አስመጪ ዋጋውን የሚያሰላው በጥቁር ገበያው ነበር። በሌላ አገር አዲስ ሞዴል ሲወጣ የአምናው ይረክሳል። እዚህ የአምናው ስልክ ዘንድሮ በብር ሊወደድ ይችላል፤ ባለሱቁ ዛሬ በሸጠበት ገንዘብ ነገ ያንኑ ዕቃ መልሶ መግዛት አለበትና። «የቆየ ስለሆነ ቀንስልኝ» ስንለው የማይሰማን ለዚህ ነው። (እኛ በማስተማር ላይ ሳለን ደህና ስማርት ስልክ ከአንድ ወር ደመወዛችን ይበልጥ ነበር። ዛሬ ያሉት መምህራን ምን እንደሚሉ ለእነሱ እንተወው።)

አሁን በየወሩ ተከፍሎ የሚያልቅ ስልክ ወደ አገራችንም መግባት ጀምሯል። ለአንድ የሰበታ ፋብሪካ ሠራተኛ ፈተናው ቀላል አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ሙሉ ዋጋውን ማውጣት ስለማትችል «ትንሽ ቅድሚያ ብቻ» የሚለው ያጓጓታል። በሸሪዓው በኩል የዱቤ ዋጋ ከእጅ በእጅ ዋጋ መብለጡ ብቻውን ሪባ አያደርገውም። የአራቱ መዝሀቦች አብዛኞቹ ዑለማዎች ይፈቅዱታል፤ በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም በፈረንጆቹ 1990 ይህንኑ ወስኗል። ነገር ግን ሻጭና ገዢ ከመለያየታቸው በፊት በአንድ ዋጋ መስማማት አለባቸው፤ ክፍያው ቢዘገይም ዕዳው አይጨምርም።

ስለዚህ ስልኩን የሚሸጥልን ማን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። ድርጅቱ ዕቃውን ገዝቶ፣ የራሱ ካደረገው በኋላ ትርፉን ነግሮን ከሸጠልን ሙራበሓ ነው። በ2013 ሥራ የጀመሩት ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች ከሚያውቁት አሠራር አንዱ ይኸው ነው። ብር አበድሮን ወለድ የሚቆጥር ከሆነ ግን ስልኩ በመሃል መኖሩ ብድሩን ሽያጭ አያደርገውም። የዘገየበትን ወር እየቆጠረ ዕዳ የሚጨምር አንቀጽ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በውሉ መጨረሻ ገጽ፣ በደቃቁ ጽሑፍ ውስጥ ነው። እሱን ሳያነቡ ከመፈረም፣ ሰፈር ውስጥ አሥር ሆኖ ዕቁብ ጥሎ በተራ መግዛት ይሻላል፤ ሙሉ ዋጋ ቢከፈልም።