«ቲቸር፣ ሪኮመንዴሽን ይጻፉልኝ»

ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሥነ ዜጋ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ሕግ ተምራ አሁን ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነፃ የሕግ ምክር በሚሰጥ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። «ቲቸር፣ ሪኮመንዴሽን ይጻፉልኝ» አለች። ውጭ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ለሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ለሚሰጠው የሥልጠና ፌሎሺፕ ልታመለክት ነው። «እኔ እኮ ባለ ዲፕሎማ ነኝ፣ ደብዳቤዬ ምን ይረባሻል?» ብላት «የፕሮፌሰር አለኝ፤ እርስዎ ግን ከልጅነቴ ያውቁኛል» አለችኝ። በቃ፣ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ኒውዮርክ ያለው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ከተለያዩ አገሮች የመብት ተሟጋቾችን እየተቀበለ ለአንድ ሴሚስተር ያህል ያሠለጥናል። ክፍል ገብተው ይማራሉ፤ ጥናት እንዴት እንደሚሠራ፣ ድርጅት እንዴት እንደሚመራ፣ ለሥራው ገንዘብ እንዴት እንደሚፈለግ ይሠለጥናሉ። እንግሊዝ አገር ያለው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሥራቸው ምክንያት አደጋ ያንዣበበባቸውን ተሟጋቾች ለጥቂት ወራት አስጠግቶ፣ አረፍ እንዲሉና እንዲማሩ ያደርጋል። እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ ፌሎሺፕ ባይባልም፣ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ላይ የአንድ ዓመት ማስተርስ አለው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ፕሪቶሪያ ይማሩና ከዛ ወደ ሌሎች የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይበተናሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከእነዚህ አጋሮች አንዱ ሆኖ ሠርቷል።

ይህንን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሳወራ አንዱ ባልደረባዬ ሳቀ። «ያው መውጫ በር ነው፤ ማን ይመለሳል?» አለ። ሌላው ደግሞ «በፈረንጅ ገንዘብ ተምሮ የአገር ገመና ማውጣት ነው» አለ። ሁለቱም ወዳጆቼ ናቸው፣ ግን አልስማማም።

የኮሎምቢያው ፕሮግራም አመልካቹ ወደ ድርጅቱ እንደሚመለስ ቃል ያስገባል። የሚቀር የለም አልልም፤ አለ። አንዳንዱ ግን ቢመለስ እስር ስለሚጠብቀው ነው የሚቀረው። በሱ አልፈርድም። የፈረንጅ ገንዘብን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ አስታውሱ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት ሰብዓዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። አዋጁ በ2019 እስኪቀየር ድረስ ብዙዎች ሥራውን ትተው ወደ ሌላ ዞሩ። ታዲያ ቦታቸውን ሊሸፍን ኪሱን የፈታ የአገር ውስጥ ባለሀብት ማን ነበር? እኔ አላየሁም።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ቋንቋው ነው።

ልጅቷ ለማመልከቻ የጻፈችውን ድርሰት በስልክ አነበበችልኝ። እንግሊዝኛዋ ግሩም ነው፤ ኮራሁባት። «አድቮኬሲ»፣ «አካውንተቢሊቲ»፣ «ኢምፓወርመንት» እያለ ይሄዳል። ስትጨርስ «እስቲ ይሄንን ቢሮሽ ለመጡ እናት እንደምታስረጂ አድርገሽ በአማርኛ ንገሪኝ» አልኳት። ዝም አለች። ከዛ ሳቀችና አንድ ነገር አጫወተችኝ።

በቅርብ አንዲት እናት ቢሮዋ መጡ። ልጃቸው ከታሰረ አምስት ቀን ሆኖታል፤ ፍርድ ቤት አልቀረበም። ስንቅ ያመላልሳሉ፣ «ምን አጥፍቶ ነው?» ብለው ሲጠይቁ የሚመልስላቸው የለም። አስቀምጣ በቀላል አማርኛ አስረዳቻቸው፤ በቁራጭ ወረቀት ላይም «አንቀጽ 19» ብላ ጻፈችላቸው። በማግስቱ እናትዬው ብቻቸውን ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ወረቀቷን ከመቀነታቸው ፈትተው «አርባ ስምንት ሰዓት ይላል እኮ ልጄ!» አሉ። ልጁ የዛን ዕለት ከሰዓት ፍርድ ቤት ቀረበ።

«ታዲያ ይሄንን ድርሰትሽ ውስጥ አስገብተሻል?» ብላት «አይ ቲቸር፣ ይሄማ ተራ ነገር ነው» አለችኝ።

ይቺ «ተራ ነገር» የምትለው ቃል እስካሁን ታበሳጨኛለች። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል፤ የመንገዱ ተገቢ ጊዜ ሳይቆጠር ማለት ነው። ያው አንቀጽ ሲጀምር ግን የሚያነሳው ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ተመልከቱ፣ ሕጉ ራሱ መብትን ከሚገባ ቋንቋ አልለየውም። እኛ ግን የመብት ዕውቀትን በእንግሊዝኛ ተምረን፣ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ጽፈን፣ ወርክሾፑን ሆቴል ውስጥ በእንግሊዝኛ አካሂደን እንበተናለን። እናትዬዋ ጋ የሚደርሰው ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ኢሰመጉን በ1984 ዓ.ም. ከጓደኞቻቸው ጋር ያቋቋሙት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። በ1989 ዓ.ም. በፖሊስ ጥይት የተገደሉት አቶ አሰፋ ማሩ የመምህራን ማኅበር አመራርና የኢሰመጉ ሥራ አስፈጻሚ አባል ነበሩ። የኢሰመጉ መግለጫዎች በአማርኛ ይወጡ ስለነበር ተራው ሰው አንብቦ ይነጋገርባቸው ነበር። ሥራው የመምህር ሥራ ነበር ማለቴ ነው። አስረድቶ ማስገባት።

ዩኒቨርሲቲዎቹ እንግሊዝኛ የሚጠይቁበት ምክንያት ይገባኛል፤ ትምህርቱ በዛ ቋንቋ ነው። ግን ሲመርጡ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ምን አለ? «የተማርከውን በየትኛው ቋንቋ፣ ለማን ታስተምራለህ?» የሚል። የኛዎቹ ዩኒቨርሲቲዎችም በክረምት ወር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ አጫጭር ሥልጠና ቢሰጡ ወረዳ ላይ የሚሠራው ሰው ይማራል። እሱ ኒውዮርክ አይደርስም፤ ደርሶም እንግሊዝኛው ይጥለዋል። እናትዬዋን መጀመሪያ የሚያገኛት ግን እሱ ነው።

ደብዳቤውን ጻፍኩላት። «ተራ ነገር» ያለችውን ታሪክ እኔው አስገባሁት፤ እሷም ድርሰቷን በሱ እንድትጀምር መከርኳት። አንድ ነገር ግን ቃል አስገባኋት። ሄዳ ስትመለስ ትምህርት ቤታችን መጥታ ዘጠነኛ ክፍልን አንድ ፔሬድ ታስተምራለች፣ 40 ደቂቃ፣ ያለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል። «ቲቸር፣ ከኢንተርቪው ይከብዳል» ብላ ሳቀች። «እሱንማ አውቃለሁ፣ እኔ በየቀኑ ነው የምፈተነው» አልኳት።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እናንተም ውስጥ እንዲህ ያለ ዕድል ያገኛችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የተማራችሁትን የሰፈራችሁ እናቶች ገብቷቸዋል? እስቲ ኮሜንት ላይ በአማርኛ፣ ወይ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ፣ አንድ መብት ብቻ አስረዱ። ለክፍል አነብላቸዋለሁ።

መልካም ሰንበት።