ለተጠቃች ሠራተኛ የተሰጠ ገንዘብ ለእሷ ይድረስ

ልጃችን ለሥራ ከቤት ስትወጣ ስንቅ እንቋጥርላታለን። በሶና ቆሎ እንሰጣታለን። መርቀን እንሸኛታለን። ከዚያ ወደ ባቱ አበባ እርሻ ወይም ወደ ሐዋሳ ፋብሪካ ትሄዳለች። ሌላዋም ሰው ቤት ትቀጠራለች። ገንዘብ ስትልክ ደስ ይለናል፤ ማዳበሪያ እንገዛበታለን። ግን ያ ገንዘብ በምን መከራ እንደ ተገኘ ስንቶቻችን ጠይቀናል?

እውነቱ መራራ ነው። አንዳንዱ አለቃ በሥራዋ አስፈራርቶ ገላዋን ይጠይቃታል። እምቢ ስትለው የማይመች ተራ ይመድባታል ወይም ከሥራ ያባርራታል። ሌላው በጨለማ መንገድ ላይ ይጠብቃታል። ልጅቷም «ወላጆቼ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?» ብላ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ማንን ጠቀመ? አጥቂውን ነው።

ሕግ የለም እንዳንል፣ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃት መፈጸምን ይከለክላል። አሠሪዋ ወይም የሥራ መሪው ይህን ካደረገባት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቃ ካሳ መጠየቅ ትችላለች። ምክንያቷን ግን በጽሑፍ ማሳወቅ አለባት። በሰው ቤት የምትሠራዋ ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት። ለእሷ ያለው የወንጀል ሕጉ ነው።

ሕግ ግን ያለ ስንቅ አይራመድም። የተደፈረች ልጅ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባት። ይህ ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሐኪም ቤት የሚያደርሳትን የመኪና ዋጋ ማን ይክፈል? ከሥራ ከወጣች በዚያች ሌሊት የት ትደር? ክሱ እየተቀጠረ ወራት ሲሄድ ምን ትብላ? ገንዘብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ የሚሆን እርዳታ አለ። በ1988 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት ለማጥፋት የሚሠሩ ማኅበራትን የሚረዳ ፈንድ አቋቋመ። የሚሰጠው ገንዘብ ብድር አይደለም፤ አይመለስም። በአገራችንም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ ለተጠቁ ሴቶች መጠለያ ያቀርባል። ይህ ሁሉ መልካም ነው።

እኔ የምለው ሁለት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ለተጠቃች ሴት የመጣ ገንዘብ በስብሰባ፣ በአበልና በቲሸርት አይለቅ። ለመጠለያ፣ ለሐኪም፣ ለጠበቃ፣ ሌሊት ከሥራ ለምትወጣዋም ለመኪና ይዋል። ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል ሲባልም መጀመሪያ ሠራተኞቹ ራሳቸው ይጠየቁ። የቱ መንገድ እንደሚያስፈራ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛ፣ በውጭ ገንዘብ ብቻ አንተማመን። በውሰት በሬ የሚያርስ፣ ባለቤቱ በሬውን የወሰደው ቀን እርሻው ይቆማል። ይህን አይተነዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621፣ ከውጭ ከ100 ብር ከ10 ብር በላይ የሚያገኝ ማኅበር በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበርም ሥራውን ለመቀነስ ተገደደ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባቋረጠ ጊዜ ብዙ ሥራ መንገድ ላይ ቀረ።

«እንግዲያስ እርዳታው ይቅርብን» የሚል ይኖራል። አይደለም። የመጣውን እንቀበል፤ ግን የራሳችንን መሠረት እንጣል። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮ ይቀቅላል። በሕይወት እያለች ለተጠቃች ልጅስ ምን አለው? እያንዳንዱ አባል በየወሩ ጥቂት ብር ቢያዋጣ፣ ቢያንስ ሐኪም ቤትና ፍርድ ቤት መድረሻ ይሆናታል። ሂሳቡን እንደ ወትሮው በመዝገብ እንጻፍ። በየስብሰባው ይነበብልን።

ወገኖቼ፣ ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው። ለልጃችን ከስንቁ ጋር ደብተርና እስክሪብቶ እንስጣት። ነገር ቢደርስባት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ያደረገውን ሰውና ያየውን ሰው ትጻፍ። የሐኪሙን ወረቀት ትያዝ። ፖሊስ ዘንድ ስትቀርብ ይህ ምስክር ይሆናታል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመሄዷ በፊት አንድ ቃል እንንገራት። «ቢከፋሽ ተመለሺ፤ ቤትሽ ክፍት ነው» እንበላት። ጥፋቱ የአጥቂው ነው። ማፈር ያለበትም እሱ ነው።