ሥራ በቆመ ቀን የቤት ወጪ

ሥራ የማቆም አድማ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚመለከተው አሠሪንና ሠራተኛን ነው። ነገር ግን የአድማው ፍጻሜ የሚታወቀው በማድ ቤት ነውና ዛሬ በዚህ ገጽ ሥራ በቆመ ቀን የሠራተኛው ቤተ ሰብ በምን እንደሚተዳደር ልንናገር ወደድን።

በአዲስ ከተማ በመርካቶ፥ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር፥ በማለዳ የተገኘ ሰው የሱቁን ሠራተኛ ዕቃ ሲደረድር፥ ተሸካሚውንም ከባድ ጭነት በጀርባው አድርጎ ሲያልፍ ያያል። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ስለ ደረሰኝ ቁጥጥር በተነሣው ክርክር በመርካቶ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ነበር። ሱቁን የሚዘጋው ባለቤቱ ነው፤ ይሁን እንጂ የዕለት ገቢው የሚቀረው የባለቤቱ ብቻ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ በፈቃዱ አድማ የገባ ሠራተኛ የነዚያን ቀኖች ደመወዝ ከአሠሪው ሊጠብቅ አይችልም። ነገር ግን ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ በርሱ ባልመጣ ምክንያት ሥራ ቢታጣ ደመወዙ እንደማይቀርበት ያው አዋጅ ይናገራል። እንግዲህ ጌታው ሱቁን የዘጋበት ተቀጣሪ የሚጠይቀው መብት አለው። በሸክሙ ልክ የሚከፈለው ተሸካሚ ግን ቋሚ አሠሪ የለውምና የሚጠይቀው ሰው አያገኝም።

በሌላ አገር ለዚህ ችግር መድኃኒት የሆነው የማኅበር ሣጥን ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የአሜሪካ የአውቶሞቢል ሠራተኞች አድማ በገቡ ጊዜ፥ ማኅበራቸው አስቀድሞ ከአባሎቹ መዋጮ ካጠራቀመው ገንዘብ ለእያንዳንዱ አድመኛ በሳምንት 500 ዶላር ይከፍል ነበር። በአገራችንም ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 2 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የጠራው ጠቅላላ አድማ ተደርጎ ነበር። ጥቂት ቀን የቆየውን አድማ ቤት በተከዘነ እህልና በዱቤ ይችለዋል፤ ወር የሚፈጀውን ግን ያለ ሣጥን አይችለውም።

እኛ ዕድርና ዕቁብ አለን ይባል ይሆናል። መልካም ነው፤ ሆኖም ዕድር የሚደርሰው ለኀዘን ነው። ዕቁብም ሥራ ቆመ ብሎ አይጠብቅም፤ ያልሠራውም ሰው የሳምንቱን መጣል ግዴታው ነው። ስለዚህ ዕቁብተኞች ዳኛቸውን ይዘው፥ ሥራ በቆመ ሳምንት ምን እንደሚደረግ በደኅናው ቀን ቢስማሙ፥ ለዚህም ከእያንዳንዱ ዕጣ ጥቂት ቢቀመጥ ይበጃል። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ያሉት ስለዚህ ነው።

የቤት እመቤቶችም ከደመወዝ ቀን ጀምሮ የአንድ ሳምንት ቀለብ ለብቻው እንዲያኖሩ እንመክራለን። እናንተም ቤትና ሱቅ ያላችሁ ጌቶችና እመቤቶች ሆይ፤ በራችሁን በዘጋችሁ ቀን በደጃችሁ የቆመውን ሰው አስቡት። ለተቀጣሪው የሚገባውን ክፈሉት፤ ሁልጊዜ ሸክማችሁን ለሚሸከመውም ያን ቀን ከእጃችሁ አትንፈጉት። ስለ አድመኛ ስትፈርዱም ድፍረቱን ብቻ ሳይሆን፥ ልጆቹ ያን ማታ በልተው ማደራቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።